አማቴ ፊት ያዋረደችኝ የቡና ማሽን

የዛሬው ጨዋታዬ የፍቅር ይመስላል እንጂ ነገሩ የአተላ ነው። «የአተላ ወሬ ምን ይሠራልኛል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ይኸው አተላ ትዳሬን ገና ሳይጀመር በአፍጢሙ ሊደፋው ነበር።

አክስቴ ከአሜሪካ ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አንዲት ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ የቡና ማሽን ይዛልኝ ከች አለች። ለአንድ ሰው፣ አንድ ስኒ፣ በአንድ ቁልፍ። «አንተ እንደሆንክ ወንደላጤ ነህ። ማን ከሰል ያያይዝልሃል? ቁልፏን ተጫን፣ ቡናህን ጠጣ፣ ወደ ሥራህ ሩጥ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያች ጠባብ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ንጉሥ ሆንኩ። ጓደኞቼ ሲመጡ ቁልፏን ጫን አደርጋለሁ፣ ማሽኗ ታጉረመርማለች፣ ቡናው ጅው ብሎ ይወርዳል። «አቦ ተመችቶሃል!» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ። ጀበና ለእኔ የፋራ ነገር ሆነች።

ታዲያላችሁ በስምንት ወር ውስጥ ማሽኗን አንድ ቀን እንኳ አጥቤያት አላውቅም። አትፍረዱብኝ! የሚገባባት ውሃ፣ የሚወጣባት ቡና፣ ምኗ ይቆሽሻል ብዬ ነው። አክስቴ ያመጣችልኝ የታሸገ ቡና ሲያልቅ ደግሞ እንደገና የምትሞላዋን ትንሽ የፕላስቲክ ማጣሪያ አወጣሁና ከወፍጮ ቤት ያስፈጨሁትን ቡና በማንኪያ ጀርባ ጠቅጥቄ እየሞላሁ መጠጣት ቀጠልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የዚያ እሁድ ጉድ

ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እናቷ «ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ልየው» አሉ። እኔም ቅዳሜ ሙሉውን ስፈገፍግ ዋልኩ። ወለሉን በበረኪና፣ መስኮቱን በጋዜጣ፣ መጋረጃውን በሳሙና። ቤቱ መስታወት መሰለ።

እሁድ ከምሳ በኋላ እጮኛዬ «ጀበናና ከሰል ከጎረቤት ልዋስና ቡና ላፍላ» ስትል እኔ ሆዬ እጄን አወናጨፍኩ። «ዛሬ ማንም አይለፋም! እማማ፣ እርስዎ ብቻ ቁጭ ይበሉ።» ከዚያም ማሽኗን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጬ ቁልፏን ተጫንኩ።

ማሽኗ አጉረመረመች። አሳለች። ትንሽ ተፋች። እንደገና አሳለች። መጨረሻ ላይ ግማሽ ስኒ የማይሞላ፣ ለብ ያለ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ አተላ የሚንሳፈፍበት ነገር አንጠባጥባ ዝም አለች። ምን ላድርግ? ስኳር ጨምሬ አቀረብኩላቸው።

አንዴ ፉት አሉለት። ስኒውን ቀስ አድርገው መለሱት። ከዚያ ወደ ማሽኗ እያዩ «ልጄ፣ ይቺ ዕቃህ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አሉኝ። እጮኛዬ ሳቋን ልትውጥ ፊቷን አዞረች። እኔ ገና መልስ ሳልፈልግ ተነሡና የውሃ መያዣዋን ክዳን ከፈቱት። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ሲያወጡት ዝልግልግ ያለ ነገር ይዞ ወጣ። አሸተቱት። ውሃው ከሐሙስ ጀምሮ እዚያው አድሮ ነበር። ከላይ ያለውን ማቀፊያ ሲያነሡት ደግሞ የትናንት በስቲያው አተላ ነጭ ጸጉር አብቅሎ ተገኘ።

እኚህ ሴትዮ እንዲህ ዓይነት ማሽን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ግን ዕድሜ ልካቸውን ጀበና ይዘዋል። ጀበና ላይ አተላ አያድርም። ተቀድቶ ሲያልቅ ተለቅልቆ፣ አፉን ተደፍቶ ይንጠፈጠፋል። ሳሙና አይነካውም፣ ሸክላው ይጠጣዋልና። ይህን ያወቀ ሰው የእኔን ማሽን ለመመርመር መሐንዲስ መሆን አላስፈለገውም።

«ቤትህን ለእንግዳ ዓይን አጥበሃል» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እንግዳ የሚውጠውን ግን አላጠብክም።»

ማታ እጮኛዬ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። እናቷ ታክሲ ውስጥ «በአንድ ቁልፍ መኖር የለመደ ሰው፣ ሚስቱ ስትታመምበትስ ቁልፏን ሊፈልግ ነው?» አሉ አለችኝ። «ሽማግሌው ትንሽ ይቆይ» ብለዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንዴ ተመልሰው ሊመጡ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ምን ነክቷት ነው?

በማግስቱ ማሽኗን አቅፌ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ሳይከፍታት «ፓምፑ ተቃጥሏል» ብሎ የአዲስ ማሽን ግማሽ የሚያህል ብር ጠራብኝ። አንጀቴ አልቆርጥ ብሎኝ ይዣት ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ያገኘሁት ጎረቤቴ ካፌ ውስጥ ባሬስታ ነው፤ ሲነጋ እስኪመሽ ማኪያቶ ሲያወጣ የሚውል ልጅ። ሲያየኝ ሳቀ። «ፓምፑ ቢቃጠል ኖሮ ጭራሽ ውሃ አትገፋም ነበር። እኛ የካፌውን ማሽን ሳናጥብ ቤት አንዘጋም። አንተ መቼ አጠብካት?» አለኝ። ዝም አልኩ። ገባውና ይዞኝ ገባ።

የዚህች ማሽን ሆድ ዕቃ እንዲህ ነው። ውሃው ከመያዣው በፓምፕ ይሳባል፣ በቀጭን ቱቦ አልፎ ማሞቂያው ዘንድ ይሞቃል፣ ከዚያም የቡናውን ማሸጊያ ከላይ በምትወጋ ባዶ መርፌ በኩል ይገባል። ቡናውን ይዞ ከታች ይወጣል። ብዙዎቹ ማሽኖች ከታችም ሌላ መርፌ አላቸው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ጠላቶች አሉ።

አንደኛው አተላ ነው። የእኔ ቡና እንደ ዱቄት የላመ ስለነበረ፣ በዚያ ላይ ስለጠቀጠቅኩት፣ ውሃው ማለፍ ሲያቅተው አተላው በማጣሪያው ሾልኮ መርፌዋን ደፈናት። ግማሽ ስኒና ተንሳፋፊ አተላ ሲመጣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ኖራ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። ውሃ ሲፈላ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ይበረታል። ማሞቂያው በኖራ ሲሸፈን ቡናው ለብ ይላል፣ ቱቦው ሲጠብ ማሽኗ ታስላለች፣ ትዘገያለች።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ ካገኘ ምን ከልካይ አለው? ኤን.ኤስ.ኤፍ ኢንተርናሽናል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የ22 ቤቶችን ዕቃዎች ሲመረምር፣ ግማሽ በሚሆኑት ቤቶች የቡና ማሽን የውሃ መያዣ ላይ እርሾና ሻጋታ አግኝቷል። ስለዚህ የአገሩም ሰው ቢሆን እንደኔው ነው ማለት ነው። ትንሽ ተጽናናሁ።

እንዴት አጠብናት?

እናንተም ቤት ይቺ ማሽን ካለች መቀስ አምጡና ይህችን ክፍል ቁረጡ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትቀዝቅዝ። የውሃ መያዣውን፣ ክዳኑን፣ የቡና ማቀፊያውንና ከሥር ያለውን የጠብታ ሳህን አውጥታችሁ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የመያዣውን ውስጥ በጨርቅ አታድርቁት፤ የጨርቁ ብናኝ ይቀርና ወደ ቱቦው ይሄዳል። ደፍታችሁ አንጠፍጥፉት። ልክ እንደ ጀበናዋ! ማሽኗን ራሷን ግን ውሃ ውስጥ እንዳትነክሯት። ውጪዋን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃታል። ዙሪያዋን ያለችውን ጎሚኒም አትርሷት፤ አተላ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቀጥሎ መርፌዋ ናት። የወረቀት አግራፍ ዘርጉና ጫፉን ወደ መርፌዋ ቀዳዳ ቀስ ብላችሁ አስገብታችሁ አወዛውዙት። የላይኛዋንም የታችኛዋንም። ጣታችሁን ተጠንቀቁ፣ ስለታም ናት። ከእኔዋ የወጣው አተላ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሶኬቱን ሰክታችሁ ያለ ቡና ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ብቻ አሳልፉ።

አሁን የኖራው ተራ ነው። መድኃኒቱ ኮምጣጣ ነገር ነው። ከማሽኗ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብቡ፤ አንዳንድ አምራቾች አቼቶ ጎሚኒውን ይጎዳል ብለው ይከለክላሉ፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ወይም ሲትሪክ አሲድ ተጠቀሙ ይላሉ። የእኔዋ መመሪያ ስለሚፈቅድ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለን መያዣውን ሞላነው። መያዣው ውስጥ ማጣሪያ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ያለ ቡና፣ ትልቅ ኩባያ ከሥሯ አድርገን ቁልፏን ተጫንን። ኩባያው ሲሞላ ደፍተን፣ እንደገና ተጫንን። መያዣው ግማሽ ሲደርስ አጥፍተን ለግማሽ ሰዓት ተውናት፣ ኖራውን እንዲበላው። ከዚያ የቀረውን አሳለፍን። የወጣው ውሃ ነጭ ቅርፊት ይዞ ሲወርድ እኔ አፍሬ ወደ ግድግዳ አየሁ። በመጨረሻ መያዣውን አጥበን አሥራ ሁለት ኩባያ ንጹሕ ውሃ አሳለፍን። የአቼቶ ሽታ ከቀረ አሁንም ጨምሩ። «ሎሚስ ብጨምቅባት?» ብዬው ነበር። «ቃጫው መርፌዋን መልሶ ሊደፍናት?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ!

አቼቶው ገና መያዣው ውስጥ እያለ እኔ ከመታጠቢያ ቤት በረኪናዬን አንስቼ መጣሁ። ይብሱን ይጽዳልኝ፣ ሻጋታውንም ይግደልልኝ ብዬ። ጎረቤቴ ጠርሙሱን ከእጄ ቀማኝ። «ልትገድለን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ቀልድ አይደለም። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጠባብና የተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። የእኔ ኩሽና ስፋቷ የአልጋ ያህል ናት። ለእማማ ስኒ ብዬ ራሴን ልቀብር ነበር! በማሽንም ሆነ በሽንት ቤት፣ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማናቸውም ኮምጣጣ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ። ቢሳሳት የቀላቀለ ሰው እዚያው ቆሞ ሊያጸዳ አይሞክር፤ ቶሎ ወደ ነፋሻ ቦታ ይውጣ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲያስ?

አንዴ ማጠብ ምንም አይደለም፤ ቁም ነገሩ አለማስቀመጥ ነው። ጎረቤቴ የነገረኝን እነሆ።

ቡናችሁን እንደጠጣችሁ ያገለገለውን ማሸጊያ ወዲያው አውጡ። አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ብቻ አሳልፉ። የጠብታ ሳህኑን ድፉ። ይኼ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማታ የመያዣውን ውሃ ድፉትና በማግስቱ አዲስ ሙሉ። መስክ ስትወጡ ባዶዋን ተዋት። በሳምንት አንዴ ተነቃዩን ሁሉ በሳሙና። በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ኖራውን ማስለቀቅ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ቶሎ ነጭ የሚያወጣ ከሆነ በየሦስት ወሩ።

ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ ለማሽኗ አትስጡ። የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሻላል፤ ሲፈላ የኖራው አንድ ክፍል ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀርላችኋል። በመያዣው ከውሃ በስተቀር ምንም እንዳታስገቡ፤ ወተት ጨምሮ «ማኪያቶ ልሥራ» ያለ ጓደኛ አለኝ፣ ማሽኑን እስከ ወዲያኛው ተሰናብቷል።

በራሳችሁ ቡና የምትሞሉ ከሆነ ወፍጮ ቤት «መካከለኛ ይሁን» በሉ፤ አይልም፣ አይሻክርም። እስከ አፉ አትሙሉት፣ አትጠቅጥቁት።

ከአሜሪካ የመጣላችሁ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጀርባዋን አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በቀጥታ ከሰካችኋት በአንድ ጊዜ ትጨሳለች። እንዲህ ዓይነት ማሽን ስታሞቅ እስከ 1500 ዋት ልትስብ ስለምትችል ለጢም መላጫ የተገዛች ትንሽ ትራንስፎርመር አትችላትም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቷን ንቀሉ፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አይታመንምና።

አንድ ነገር ላስቃችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከጀመሩት አንዱ የኔስሌው መሐንዲስ ኤሪክ ፋቭር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያወጣ። በአሜሪካ ደግሞ ጆን ሲልቫንና ፒተር ድራጎን ኪዩሪግን በ1992 መሠረቱ። ማሽናቸው በ1998 ቢሮ ለቢሮ መሸጥ ጀመረ። ይኸው ጆን ሲልቫን እ.ኤ.አ. በ2015 ዘ አትላንቲክ ለተባለው መጽሔት ሲናገር፣ ማሽኑ ራሱ ቤት እንደሌለውና አንዳንዴም በመፍጠሩ እንደሚጸጸት ገልጿል። የሚጸጸተው በሚጣለው የፕላስቲክ ብዛት ነው። ደግሞስ ቡና ማፍላት ምን ከባድ ነገር አለው ባይ ነው። አማቴ ቢሰሙት «ይሄን ልጅ አምጡልኝ» የሚሉ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጉብኝት

ሁለት ሳምንቱ ደረሰ። እማማ መጡ። አሁን አልፎከርኩም። ቁልፏንም ከመጫኔ በፊት ክዳኗን ራሴ ከፍቼ «ይመልከቱ» አልኳቸው። ጣታቸውን ሰደዱ። አሸተቱ። ምንም አላሉም።

ማሽኗ አጉረመረመች፤ አላሳለችም። ቡናው ትኩስ፣ ስኒው ሙሉ ሆኖ ወረደ። ፉት አሉ። ደገሙት። «እህ!» አሉ። «ለካ ቡና ናት።» ስኒውን ጨርሰው ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «አቦሉ ደኅና ነው። ቶናውስ?»

እጮኛዬ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ይቺን ጥያቄ ጠብቄያት ነበርና ከቁም ሳጥን ጀርባ አዲስ ጀበና ከነማቶቱ አወጣሁ። ከሰሉን ያያያዝኩት ራሴ ነኝ፤ ዓይኔ እስኪያለቅስ በጭሱ ተጠብሼ። ቶናውን ሳይሆን ከአቦል ጀምሮ እንደገና አፈላሁ። በረካው ሲያልቅ ጀበናውን ይዤ ተነሣሁ፣ አለቅልቄ ደፋሁት። ተመልሼ መጣሁና የማሽኗን አተላ አውጥቼ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ አሳለፍኩባት። እማማ ከተቀመጡበት በዓይናቸው እየተከተሉኝ ነበር።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይምጡ። እሁድ ሥራ ይበዛብኛል» አሉ።

እናንተም ዛሬ ማታ ጋዜጣችሁን አጥፋችሁ ስታበቁ የማሽናችሁን ክዳን ክፈቱና ጣታችሁን ሰደድ አድርጉ። አማት ሳትከፍተው እናንተ ብትከፍቱት ይሻላል።

ቸር ይግጠመን!